ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ በ150 ሲሲ ሞተር፦ ከመውጣትህ በፊት በራስህ እጅ ፍታው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። 26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አምና ያገለገለ 150 ሲሲ ባጃጅ ቦክሰር ሞተር ገዝቻለሁ፤ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከጥምቀት በኋላ ታናሽ ወንድሜን አፈናጥጬ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ጂንካ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ቸርኬው ባለ ራጂ (ባለ ቀጫጭን ሽቦ) ነው፤ ፍሬኑ የፊቱም የኋላውም ታንቡር እንጂ ዲስክ አይደለም። ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ትልቅ ጎማ፣ የብረት ሳጥንና ተጨማሪ መብራት ልግዛበት ወይስ ለጋራዥ ሰጥቼ ሙሉ ሰርቪስ ላሠራው? የቱ ይቅደም?»

ወንድሜ፣ ከጠቀስካቸው አንዱም አይቅደም። መጀመሪያ ቁልፍ ግዛ። ቀጥሎ ሞተርህን በዚያው ቁልፍ፣ በራስህ እጅ ፍታው። መንገድ ላይ ይዘኸው የምትወጣው የቁልፍ ጥቅልል የትኛውም ይሁን፣ ቤት የምታደርገውን ዝግጅት ሁሉ በእሱ ብቻ ሥራ። ከጎረቤት ረጅም ቁልፍ አትዋስ፤ ለአንድ ብሎን ብለህ ጋራዥ አትሂድ። ደጃፍህ ላይ እምቢ ያለህ ዳዶ ከኮንሶ ወዲያ ያለው ወይጦ ሜዳ ላይ እሺ አይልህም።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር የሚዞሩባቸውን ሞተሮች በደቡብ 18 ዓመት ጠግኛለሁ። አንድ ጊዜ ከኮንሶ ወደ ወይጦ ስወርድ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ማስቲሽ፣ መለጠፊያ፣ ሌቫ (ጎማ ማውለቂያ ብረት)፣ መንፊያ ሁሉ ይዤ ነበር። ነገር ግን ከሳምንት በፊት ጎማውን የቀየረልኝ ጋራዥ የዘንጉን ዳዶ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ አጥብቆት ኖሯል። በያዝኩት አጭር ቁልፍ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ የዳዶው ጠርዝ ተላጠ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጬ፣ ባዶውን ይመለስ የነበረ አይሱዙ ሞተሬን ጭኖ ኮንሶ አደረሰኝ። የያዝኩት 2 ሊትር ውኃ ከቀትር በፊት አልቆ ነበር። የአርባ ደቂቃ ሥራ ቀኑን ሙሉ በላው፤ ያኔ ብቻዬን ባልሆንና የታመመ ሰው ይዤ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ከሌላ ሰው እጅ ስረከብ የሁለቱንም ጎማ ዳዶ እዚያው በራሴ ቁልፍ ፈትቼ እመልሳለሁ።

ስለዚህ ከብርህ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ለፊትና ለኋላ ጎማ ዳዶ ልክ የሆነ ባለ 6 ጠርዝ ቁልፍ ነው፤ ባለ 12 ጠርዙ የጠበቀ ዳዶ ይልጣል። ዘንጉን ከወዲያ በኩል የሚይዝ ሌላ ቁልፍም ያስፈልግሃል። ከዚያ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14 እና 17 ቁልፎች፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሦስት ሌቫ፣ የእጅ መንፊያና የጎማ ንፋስ መለኪያ ጨምር። ዳዶዎቹን ስትፈታ ጥርሳቸውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ስስ ግሪስ ቀባና በዚያው ቁልፍ መልሰህ እሰር።

አሁን ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ እስከ ጥምቀት ሁለት ወር አለህ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ጥርም ጥሩ ወር መርጠሃል፤ የዚያ አካባቢ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው።

ከጎማ እንጀምር፤ ከማንኛውም ነገር በላይ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ እሱ ነውና። የጎማውን ጥርስ ብቻ አትይ፤ ዕድሜውን አንብብ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) የሚል ጽሑፍ አለ፤ በመጨረሻው በትንሽ ክብ ውስጥ 4 አኃዝ ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። 2219 ካለ በ2019 በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ ላስቲኩ ደርቋልና ለዚህ ጉዞ አልወደውም። አዲስ ስትገዛም ሱቁ ውስጥ ቆመህ ቁጥሩን አንብብ፤ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ እንደ አዲስ ይሸጣል። መጠኑን ግን አትቀይር። ትልቅ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ቅርፁ ይዛባል፤ ሲሞቅና ሲያብጥ ሰንሰለቱን ወይም የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል፤ 150 ሲሲ ሞተርም ሁለት ሰው ይዞ ዳገት ላይ ያለውን ጉልበት ይበላበታል።

ካላማዳሪውን ያለ ምንም ክርክር አዲስ አድርግ፤ ለፊትም ለኋላም አንዳንድ መጠባበቂያ ያዝ። የአንተ ሁለቱም ጎማ ባለ 17 ስለሆነ፣ ጨንቆህ አንዱ ብቻ ቢቀርህ፣ የፊቱ ትንሹ ካላማዳሪ ለጥቂት ጊዜ በኋላው ጎማ ውስጥ ያገለግላል። ትልቁን በትንሹ ውስጥ ካስገባኸው ግን ይታጠፍና በታጠፈበት ይበሳል። የቫልቩን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቀህ አትሰራት፤ ወደ ላይ መልሰህ ከክዳኑ ጋር አጋጥማት። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ሲያጋድል ታየዋለህ። ዳዶዋ ካሰረችው ከሥሩ ይቀደዳል፤ ያ ቀዳዳ አይለጠፍም።

የተበሳ ካላማዳሪ ቀዳዳውን ስታገኝ ቅርፁን አንብብ። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካየህ እሾህ አይደለም፤ ንፋስ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ነው፤ መድኃኒቱ ንፋስ መጨመር ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ ያስገባው ነገር አሁንም ጎማው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከአርባ ምንጭ በታች የግራር አገር ነው፤ የግራር እሾህ ከውጭ ጫፉ ተሰብሮ ከውስጥ ብቻ ይቀራል። በባዶ ጣት አትዳብስ፤ ጨርቅ ጎማው ውስጥ አዙር፤ ክሩ የተያዘበት ቦታ እሾሁ ያለበት ነው። ይህን ሳያደርጉ ሁለት ካላማዳሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ። የንፋሱን ልክ ከሞተሩ መመሪያ ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ ከተለጠፈው ወረቀት ውሰድ፤ ለብቻና ለሁለት ሰው የተጻፈው የተለያየ ነው፤ አንተ የሁለት ሰዉን ያዝ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካ። ጎሚስታው «ይበቃዋል» ብሎ በእጁ ሲመታው አትመን፤ ለዚህ ነው የራስህን መለኪያ ግዛ ያልኩህ።

ከቸርኬው ጋር ደግሞ ራጂውን እይ። ጎማውን ከመሬት አንሥተህ እያንዳንዱን ራጂ በትንሽ ቁልፍ ንካው። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ይደነቁርብሃል። ሁለት ሦስት የላሉ ካሉ ራስህ በሩብ ዙር ታጠብቃለህ፤ ብዙ ከሆኑ ወይም ቸርኬው ከተጣመመ ለባለሙያ ስጠው፤ ይህ የእጅ ጥበብ ነውና በግምት አይሠራም። የጎማ ኩሽኔታዎቹንም በዚያው አጋጣሚ አውጣቸው። ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ ስታወዛውዘው የሚላወስ ከሆነ ወይም ስታዞረው በጣትህ አሸዋ አሸዋ የሚል ከተሰማህ አልቋል። በኩሽኔታው ጎን የተቀረጸውን ቁጥር ጻፍና በዚያው ቁጥር ግዛ። ስታስገባ የምትመታው የውጪውን ቀለበት ነው፤ የውስጡን ከመታህ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሄድ ታበላሸዋለህ። 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ማድረግ የሚቆጭ ወጪ አይደለም።

ወደ ሰንሰለቱ እንሂድ። ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ከኋላው ባለ ጥርስ ብረት (ጥርስ ከምንለው) ጀርባ በኩል ሰንሰለቱን በጣትህ ወደ ኋላ ሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ሰንሰለቱ አልቋል። የተሻለው መለኪያ ማስመሪያ ነው፦ በአንተ ሰንሰለት ከአንዱ ጉጥ (ፒን) እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 20 ጊዜ ሲደጋገም አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ተወጥሮ ሲለካ 259 ከደረሰ ቀይረው። ስትቀይር ሰንሰለቱንና ሁለቱንም ጥርስ አብረህ ነው፤ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ማሰር አዲሱን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ማስጨረስ ነው።

ሲላላም ሲጠብቅም ጉዳት አለው፤ ሰዎች የሚፈሩት ግን መላላቱን ብቻ ነው። በጣም የጠበቀ ሰንሰለት ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ይወጠርና የፊት ጥርሱ ያለበትን የሞተሩን ኩሽኔታ ይስባል፤ ያ ደግሞ ሞተር ካልተከፈተ አይቀየርም። ጎማውን እያዞርክ ሰንሰለቱ ከሁሉ የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልግ፤ ልኩን እዚያ ላይ ያዝ። ወንድምህና ዕቃው ላይ እያሉ መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 25 ሚሊ ሜትር ያህል ጨዋታ ይኑረው። የመጋጠሚያዋን ቅንጥብ አፍ ተመልከት፤ የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። በተቃራኒው ከታሰረች ድንጋይ ነክቷት ትወጣለች። ሁለት መጠባበቂያ መጋጠሚያ በትንሽ ላስቲክ ቋጥረህ ከወንበሩ ሥር አስቀምጥ። ቅባቱን ማታ ስትደርስ፣ ሰንሰለቱ እንደሞቀ፣ ስጠው፤ ሌሊቱን ሰርጎ ያድራል። ወፍራም ዘይት ጠብ ጠብ አድርገህ ትርፉን በጨርቅ ጥረገው። ግሪስ አትቀባው፤ አቧራ ይይዝና ሞረድ ይሆንብሃል።

ሞተሩ ውስጥ የምታደርገው ጥቂት ነው፤ ግን አንዳቸውንም አትዝለል። ዘይቱ የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፤ 20ደብሊው-50 (20W-50)፣ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ያለበት። የአንተ ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ዘይቶች አንዳንዶቹ የሚያንሸራትት ቅመም ስላላቸው ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድልህም። ሌላው ደግሞ መጠኑ ነው። ሞተርህ የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር አካባቢ ነው። በሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ጥቂት ዘይት ማቃጠሉ የተለመደ ነገር ነው፤ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ቢጎድል ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። በየጠዋቱ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ለካ። ግማሽ ሊትር መጠባበቂያ ያዝ።

የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ አድሮ ቀዝቃዛ ሳለ ለካው፤ ልኩን ከመመሪያው ውሰድ። ሰው የሚንጣጣ ቫልቭ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ድምፁ የጠፋው ነው። ክፍተቱ የተዘጋ የጭስ ማውጫ ቫልቭ በደንብ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ ሙቀቱን ለቴስታታው (ለሞተሩ ራስ) አያስተላልፍም፤ ዳገትና ጭነት ሲደራረብበት ይቃጠላል።

አሁን የምነግርህን አብዛኛው ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ኮንሶ እንደገና ትወጣለህ፤ ከኮንሶ ወደ ወይጦ ስትወርድ 600 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ፤ ከዚያ ወደ ቀይ አፈርና ጂንካ ዳግም ዳገት ነው። ወይጦ ላይ አየሩ ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይወፍራል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ የተሰጠውን ቀዳዳ ያህል ቤንዚን ብቻ ይለቃል። አዲስ አበባ ላይ ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያበዛ ወይም ቤንዚን በላ ሲባል መካኒኩ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአነስተኛ ይቀይረዋል ወይም መርፌውን ዝቅ ያደርገዋል። ከተማ ውስጥ ደስ ይላል። ያው ሞተር ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቃጠሎው ይደርቅና ሞተሩ ይግላል። ሰዉ ደግሞ «የበረሃው ፀሐይ ነው» ይላል። ሞተርህን የገዛኸው አገልግሎ ነውና የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳስነካው አታውቅም። ካርቡሬተሩን ክፈት፣ ጂግለሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብ፣ ከመመሪያው ጋር አስተያይ፤ የተለየ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ልክ መልሰው። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቢከብደው አይጎዳውም። አርባ ምንጭ ስትደርስ፣ ከረጅም ዳገት በኋላ፣ ካንዴላውን ፈትተህ ጫፉን እይ። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ሂድ። እንደ ኖራ ከነጣ ዕረፍት ስጠው፣ ፍጥነት ቀንስ፣ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ላስቲክ በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል እንዳለ ፈትሽ። የአየር ፊልትሮውንም በአዲስ ቀይር፤ ፊልትሮ አውልቆ መንዳት አቧራውን በቀጥታ ለፒስቶን ፋሻ ማጉረስ ነው።

አነዳድህም የዝግጅቱ አካል ነው። ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃሃል። ዳገት ላይ ሞተሩ እያቃሰተ በአራተኛ ማርሽ አታስጨንቀው፤ ወደ ሦስተኛ መልሰው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ታንቡር ፍሬን ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ከኮንሶ ወደ ወይጦ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ አንተ ደግሞ ሁለት ሰው ነህ። ከመውጣትህ በፊት ሁለቱንም ታንቡር ክፈት፣ የፍሬን ሸራውን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ በአፍህ እፍ አትበል፣ ሳንባ ይጎዳል። ሸራው ካለቀ ቀይር። የፊት ጎማውን መልሰህ ስታስር ዳዶውን ገና ሳታጠብቅ ፍሬኑን በኃይል ያዝና እንደያዝክ አጥብቀው፤ ሸራው ከታንቡሩ ጋር መሀል ለመሀል ይገጥማል፤ ለውጡን በእጅህ ታውቀዋለህ።

ስለ ካቦ አንድ ዘዴ ልንገርህ። አዲስ የፍሪሲዮንና የቤንዚን መስጫ ካቦ ገዝተህ በቦርሳ አትያዝ፤ ከአሮጌው ጎን ለጎን በቦታው ዘርግተህ ጫፉን በላስቲክ ሸፍነህ እሰረው። አሮጌው ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ብቻ ትቀይራለህ፤ ታንከር ማውረድ የለም፣ በጨለማ መንገዱን መፈለግ የለም።

ጭነቱ ላይ በግልጽ ልናገር። የብረት ሳጥን አትግዛ። ሳጥኑ ባዶውን ራሱ ይከብዳል፤ ከኋላ ዘንግ ወዲያ ተንጠልጥሎ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ በንቅንቁ ብዛት ፖርቶመጋላው (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። አህያ የሚጭን ገበሬ ይህን ከማንኛችንም በላይ ያውቃል፤ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፣ ከባዱን ወደ ሆድ ያስጠጋል። ሁለት ጠንካራ የሸራ ከረጢት በወንበሩ ግራና ቀኝ አንጠልጥል፤ ቁልፍ፣ ካላማዳሪና ዘይት ከታች፣ ልብስ ከላይ። የግራው ከረጢት ከሰንሰለቱ፣ የቀኙ ከማርሚታው መራቁን ወንድምህ ላይ ተቀምጦ እያለ አረጋግጥ። ማሰሪያ ከአሮጌ ካላማዳሪ በረጅሙ የተቆረጠ ላስቲክ ይሁን፤ ከገመድ በተሻለ ይይዛል፣ ሲንቀጠቀጥም አይላላም። ወንድምህን ከወሰድክ ድንኳኑንና የማብሰያ ዕቃውን ተው፤ በየከተማው አልጋም ምግብም አለ። ሁለቱንም ካልክ ሞተሩ ከተሠራበት ጭነት በላይ ትሆናለህ። ተጨማሪ መብራቱንም እርሳው፤ የሞተሩ ኃይል ማመንጫ ትንሽ ነው፤ ደግሞም ማታ አትነዳም። 11 ሰዓት ላይ የትም ብትሆን ቁም። ከአርባ ምንጭ ወዲያ ከብቱና ፍየሉ መንገዱን ከአንተ እኩል ይጠቀምበታል፤ ጥቁር በሬ በጨለማ ከፊትህ ሲቆም መብራትህ የሚያሳይህ በጣም ዘግይቶ ነው።

ቤንዚን፦ ጭነህ ስትሄድ በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሊትር ቁጠር። ታንከርህ ሙሉ ከሆነ ከአርባ ምንጭ ጂንካ የሚያደርስህ አለህ፤ ችግሩ ማደያው ቤንዚን ላይኖረው መቻሉ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሲሆን ሙላ፤ እስኪያልቅ አትጠብቅ። መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን መግዛት ግድ ከሆነብህ ጠርሙሱን ለደቂቃዎች ቀጥ አድርገህ አስቀምጠህ በብርሃን ፊት እየው፤ ውኃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል። የታችኛውን ተወው፤ የቀረውን በንጹሕ ጥቅጥቅ ጨርቅ አጣርተህ ጨምር።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ወደ ጂንካ አትወጣም፤ ቡታጅራ ደርሰህ ትመለሳለህ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ከወንድምህና ከሙሉ ጭነቱ ጋር፤ ደርሶ መልስ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ የገባው ዕቃ ሁሉ ያን ቀን ሞተሩ ላይ ይኑር። ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት ጢያ ስትደርስ ቁም፤ ፍሬን ሳትይዝ በዝግታ አቁመውና የሁለቱንም ጎማ ሞዞ (የመሀሉን ክብ ብረት) በእጅህ ጀርባ ንካ። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ሸራው ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። ቤት ስትመለስ ራጂውን፣ የፖርቶመጋላውን ብሎኖችና የሰንሰለቱን ልክ እንደገና ፈትሽ፤ አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። ከዚያ ግቢህ ውስጥ የኋላውን ጎማ አውልቀህ ካላማዳሪ ቀይረህ፣ በእጅ መንፊያ ነፍተህ መልስ። ወንድምህም አንድ ጊዜ ብቻውን ይሥራው። ሁለታችሁም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከጨረሳችሁ ዝግጁ ናችሁ። ከዚያ ወዲያ በጉዞው ዋዜማ ምንም አታስነካ።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ መንጃ ፈቃድህ የሞተር ይሁን፤ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ያዝ። ሊብሬው ገና በሻጩ ስም ከሆነ ውክልና ሳይኖርህ ከከተማ አትውጣ። ወንድምህም የራስ ቁር ያድርግ፤ የአንተን ያህል ደህና የሆነ፣ ከቤት የተረፈ አሮጌ አይደለም። ለእያንዳንዳችሁ ለቀን 3 ሊትር ውኃ። ከአርባ ምንጭ ጀምሮ የወባ አገር ነው፤ አጎበር ከድንኳን ይቀልላል። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በየከተማው መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠዋት ጠዋት ጠይቅ፤ የትናንቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስከዚያው የሁለቱን ጎማ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር፣ ከጂግለሩ ላይ ያነበብከውንና የሰንሰለቱን ርዝመት በሚሊ ሜትር ጻፍልኝ። የቱን አሁን መግዛት፣ የቱን መተው እንደምትችል በቁጥሩ ላይ ተመሥርቼ እነግርሃለሁ።